ከሥር የተኳለችው ጦይባ

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ከመካነ ሰላም ደወለች። ስለ ምግቤ፣ ስለ ብርዱና ስለ ፈተናዬ ጠይቃ ከጨረሰች በኋላ፣ ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ «ጦይባም እኮ ሄደች» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ማን አውቆ። የሱቁን ቁልፍ ለባለቤቱ ሰጥታ፣ የስፌት መኪናዋን አስጭና፣ ማክሰኞ በጠዋት በአይሱዙ ወጣች። ግማሹ ደሴ ነው ይላል፣ ግማሹ ማሻ ያለችው አክስቷ ዘንድ ነው ይላል። እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ፤ አልተሰነባበትንም።»

«ዐይኗስ?»

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ጥቁር መነጽር አድርጋ ነበር አሉ። እንግዲህ ምን ይታወቃል።» ከዚያ ስለ ታናሽ ወንድሜ ማውራት ጀመረች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የጦይባን ስልክ በየቀኑ ሞክሬያለሁ። ዝግ ነው። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እሷን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ማንን እንደምጠይቅም አላውቅም። ማድረግ የምችለው ነገር መጻፍ ብቻ ስለሆነ፣ እንደማውቃት አድርጌ እጽፋለሁ።

ጦይባ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሱቋ የእኛን አጥር ተደግፎ የተሠራ፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ያለው ክፍል ነው፤ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ በፊቱ ያልፋል። ገና ልጅ ሳለች ወደ ዓረብ አገር ሄዳ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ነው የተመለሰችው። ስፌቱንም እዚያው ለማዳሟ ልብስ የሚሰፋውን ሰው እያየች ተማረችው። ዐረብኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፤ ማንበብና መጻፍ ግን በየትኛውም ቋንቋ አታውቅም።

ስለዚህ ልክ ስትወስድ አትጽፍም ነበር። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ክር ትቆርጥና፣ ለደረት አንድ፣ ለወገብ ሁለት፣ ለቁመት ሦስት ቋጠሮ ትቋጥርበታለች። ክሮቹ ግድግዳው ላይ ከምስማር ተንጠልጥለው ለእኛ ሁሉም አንድ ይመስሉናል፤ እሷ ግን በጣቷ ዳብሳ የማን እንደሆነ ታውቃለች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስትሰፋልኝ የዓምናውን ክር አውርዳ፣ «አሮጌዋ ውድነሽ ይቺውልሽ» ብላ ትሰጠኝና አዲስ ትቆርጣለች።

ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ የምትለካ ሴት ስታጋጥማት፣ «ልቀቂው እህቴ። ዛሬ እኔ ዘንድ ብታፍሪ ይሻልሻል ወይስ ሠርግ ቤት ቀሚሱ ሲተረተር?» ትላለች። ይህን ሁሉ የምትናገረው ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ነው። አንድም ቀን ወድቆባት አላየሁም። ሳቋ ሲመጣ ከንፈሯን ሳትከፍት በአፍንጫዋ ትስቃለች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ከዐይኖቿ ሥር ጥቁር ነበር። ከአፍንጫዋ አጠገብ ጀምሮ እስከ ጉንጯ አጥንት ድረስ፣ ከምድጃ ጥላሸት ነክቶ በጣት የተሳለ የሚመስል ነው። ሌላው ፊቷ የቀይ ዳማ ስለሆነ ጥቁረቱ ይበልጥ ይጎላል። ስትስቅ እንኳን አይጠፋም። ኒቃብ ብታደርግ ደግሞ ከፊቷ ሁሉ የሚታየው እሱ ብቻ ስለሚሆን፣ ፀጉሯን ብቻ ነበር የምትሸፍነው።

በእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። እንዴት አደርሽ፣ አማን ነሽ፣ አፊያ ነሽ፣ ቤቱ፣ ልጁ፣ ከብቱ ተብሎ እስኪዳረስ ሰው መንገድ ላይ ይቆማል። ለጦይባ ግን ሰላምታው አጭር ነበር። ያያት ሁሉ ቆም ይልና «ምነው፣ አሞሻል እንዴ?» ይላታል። የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ሊስትሮ፣ የሚኒባስ ረዳት፣ ሁሉም ይጠይቃል። እሷ ለሁሉም የተለየ መልስ ነበራት። ለረዳቱ፣ «የአንተን መኪና ስጠብቅ ሳልተኛ አድሬ ነው።» ለሸሆቹ፣ «ደህና ነኝ አባባ፣ ዱዓ አድርጉልኝ።» ለእናቴ ደግሞ አንድ ጊዜ እንዲህ አለቻት፦ «ሰው ዐይኑን ራሱ ይኳላል፤ እኔን አላህ ከሥር ኳለኝ።» እናቴ ይህን ለጎረቤት ሁሉ ነገረች። ከዚያ በኋላ ሠፈሩ ሲጠራት «ከሥር የተኳለችው» ይል ጀመር። ጦይባም አልተቀየመችም፤ ወይም ያልተቀየመች መስላን ነበር።

ነገሩ ወደ ሐኪም የሄደው በሐጂ ይማም ለቅሶ ምክንያት ነው። ሐጂ ይማም በከተማው የታወቁ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ያኔ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴና እኔ ውኃ ለማቅረብ ሄደን ስለነበር የሆነውን በዐይኔ አይቻለሁ።

ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ ሟቹን እንጂ ሚስቱን አያውቃትም። ስለዚህ ወደ ድንኳኑ ሲገባ ፊት ያያል፤ ከሁሉ የከፋው ፊት ዘንድ ሄዶ ይወድቃል። የሐጂ ሚስት ወይዘሮ ከድጃ ፊታቸው የሞላ፣ ቆዳቸው የጠራ፣ ልጆቻቸው ከውጭ የሚጦሯቸው ሴት ናቸው። ሐዘን ገና በሁለተኛ ቀኑ ፊታቸው ላይ አልደረሰም ነበር። ጦይባ ደግሞ ከእሳቸው ሁለት ሰው አለፍ ብላ ተቀምጣለች። ከደጎሎ በኩል በጭነት መኪና የመጡ ሦስት ሴቶች ገቡ፤ ዙሪያውን አዩና ቀጥ ብለው ጦይባ ጉልበት ላይ ወደቁ።

«እህቴን፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። እንዲህ ሆነሽ ቀረሽ?»

«እኔ አይደለሁም» አለች ጦይባ።

«እኔ አይደለሁም ትላለች። ሐዘኑ ራሷን አስቷታል» አለች አንዷ ለሌላዋ፤ ከዚያ ሦስቱም አቅፈዋት አለቀሱ። ልትነሳ ስትል ያዟት። ሌሎች ለቀስተኞች ሲገቡ ሦስት ሴቶች ያቀፏትን ሲያዩ እነሱም ወደ እሷ ሄዱ። ሰልፍ ሆነ። ከኋላ ያለች ልጅ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች። ወይዘሮ ከድጃ ሁሉንም ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ተዉ፣ እሷን አጽናኑ። እኔማ የሰውየው ጎረቤት ነኝ» አሉ።

ያን ማታ ሠፈሩ ይስቅ ነበር። በሳምንቱ ግን ሳቁ ወሬ ሆነ። ሐጂ ይማም ከጦይባ ጋር በስውር ኒካህ አስረው ነበር ተባለ። ሌላ ማስረጃ አልነበረም፤ ማስረጃው ፊቷ ነበር። ለሰው ባል እንዲህ የሚጠቁር ማን ነው ተባለ። ከለቅሶው በፊትም ጥቁር እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ ግን ያንንም «ሲታመሙ ጀምራ ነው» ብለው አስገቡት።

የሐጂ የመጀመሪያ ልጅ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሱቋ ድረስ መጣ። እኔ ቀሚስ ላስጠብብ ገብቼ ነበር፤ «ውጪ» ያለኝ ሰው ስላልነበረ እዚያው ቀረሁ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው።

«እህት ጦይባ፣ ለክርክር አልመጣንም። አባታችን ያሰሩልሽ ኒካህ ካለ፣ በሸሪዓ የሚደርስሽን እንዳንበላብሽ ብለን ነው።»

ጦይባ ስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካቻቸው።

«ማን ነው ኒካህ አለ ያላችሁ?»

«ሰው ነው ያለን።»

«ሰው ምን አይቶ?»

በልጁ ፈንታ ከሽማግሌዎቹ አንዱ መለሱላት። «ፊትሽን ነዋ፣ ልጄ። ላንድ ሰው ካላዘንሽ ይኼ ሁሉ ከየት መጣ?»

«ከእናቴ ነው የመጣው አባባ። እናቴም እንዲህ ነበረች፣ እናቷም እንዲህ ነበረች ይላሉ። ከወሎ እስከ ዓረብ አገር ይዤው ሄጄ ይዤው ተመለስኩ። ያባታችሁን ንብረት አልፈልግም፤ ጀነትን ይወፍቃቸው።»

አፉ በይን ብለው ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። ወሬው ግን አልሄደም። የወይዘሮ ከድጃ ዘመዶች ብዙ ናቸው፤ ልብስ ማሰፋት ተዉ። ይበልጥ የጎዳት ግን እሱ አይመስለኝም። ጦይባ ወደ ሠርግም ወደ ለቅሶም መሄድ ተወች። በእኛ አገር ለቅሶ የማይደርስ ሰው ለእሱም ማንም አይደርስለትም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። አንድ ቀን እናቴን፣ «እኔ ስሞት በሬሳዬ ላይም ሌላ ሰው ያጽናኑ ይሆናል» ብላ ቀለደች። ትከሻዋ አልተንቀጠቀጠም።

ከዚያ በኋላ ነው የጠራችኝ።

«ውድነሽ፣ በዚያ ስልክሽ እስቲ ጠይቂልኝ። ይኼን የሚያነሳ ሐኪም አለ?»

አለ። እንግሊዝኛውን እያነበብኩ ተረጎምኩላት። ከዐይን ሥር ያለ ጥቁረት ብዙ ዓይነት ነው ይላል። አንዳንዱ ያበጠ ስብ ወይም የተንጠለጠለ ቆዳ የሚጥለው ጥላ ነው፤ የታችኛውን የዐይን ቆብ በቀዶ ሕክምና ሲያስተካክሉት ይሻሻላል። አንዳንዱ ግን የቆዳው የራሱ ቀለም ነው፤ እሱን ቢላ አይነካውም። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ብርሃን ላይ ቆዳውን በቀስታ ሳብ ማድረግ ነው። ከነጣ ጥላ ነው፤ ካልነጣ ቀለም ነው።

«ሳቢው» አለችኝ።

በሩ ላይ የጠዋት ፀሐይ ነበር። በርጩማ አምጥታ ተቀመጠች፣ መስታወት ያዘች። በአውራ ጣቴ ሳብኩት። ጥቁረቱ ከቆዳው ጋር አብሮ መጣ። ቅንጣት አልነጣም። እንደገና ሳብኩ። እሷ መስታወቱን ትታ እኔን ነበር የምታየው።

«እ?»

«ትንሽ ነጣ ያለ ይመስለኛል» አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ልዋሻት ብዬ አይደለም። ፊቷ መልሱን አስቀድሞ ይዞ ነበር፤ ከእጇ መንጠቅ ከበደኝ። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ተነስታ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች፤ ያን ቀን ስትሰፋ ታንጎራጉር ነበር።

ብሔራዊ ፈተናዬን እንደጨረስኩ አብሬያት አዲስ አበባ ሄድኩ። እናቴ፣ «ፊደል የቆጠረ ሰው ከጎኗ ይሁን» ብላ ነው የፈቀደችልኝ። ጦይባ መንገዱን ሙሉ ትቀልድ ነበር። ደጎሎ ለምሳ ስንወርድ የምግብ ቤቱ ሴትዮ «ምነው አሞሻል?» ስትላት፣ «የመጨረሻሽ ነው፣ በደንብ ጠይቂኝ» አለቻት።

መጀመሪያ የገባንበት ሐኪም ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መስኮቱ ዘንድ አቆሟትና፣ እኔ እንዳደረግሁት፣ ቆዳውን በአውራ ጣታቸው ሳብ አደረጉት። እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ልብስ እሰፋለሁ ዶክተር።»

«እንግዲያ ይገባሻል። የጠቆረ ጨርቅ ብትቆርጪለት ይነጣል?»

«አይነጣም።»

«ይጠባል እንጂ አይነጣም። ይኼ የቆዳሽ ቀለም ነው። ስብ ቢሆን አወጣልሽ ነበር። ትርፍ ቆዳም የለሽም። ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው አለ? እናትሽ?»

ጦይባ ወደ እኔ ሳታይ፣ «የለም ዶክተር። እኔ ብቻ ነኝ። በእንቅልፍ እጦት የመጣ ነው» አለች።

ለሽማግሌዎቹ የተናገረችውን እኔ ሰምቻለሁ። ሐኪሙ የሚቀባ ነገር አዘዙላት፣ ከፀሐይ ተጠንቀቂ አሏት፣ ከዚያ «ጤነኛ ዐይን አልነካም» ብለው በሩን ከፈቱልን።

ታክሲ ውስጥ፣ «አርጅተዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ፈርተው ነው» አለችኝ።

እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። «ሊሆን ይችላል» አልኳት።

ሁለተኛውን ቦታ ያገኘነው በስልክ ማስታወቂያ ነው። ስሙን አልጽፍም። ወጣቱ ሐኪም ፈገግተኛ ነበር፤ በፊትና በኋላ የተነሱ ፎቶዎችን አሳያት። በፎቶዎቹ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ከዐይናቸው ሥር ያበጡ ነበሩ፤ እንደ ጦይባ የጠቆረች አንዲትም አላየሁም። እሱ ቆዳውን ሳይስብ፣ «ቀላል ነው፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል፣ እዚሁ አታድሪም» አለ። የሚፈረም ወረቀት ሰጡን። ይህን በትክክል ነው ያነበብኩላት፤ አንድም አልዘለልኩም። የታችኛው ቆብ ወደ ታች ሊሳብ ይችላል፣ ዐይን ላይከደን ይችላል፣ ጥቁረቱ ላይለቅ ይችላል ይላል።

«እትዬ፣ ይኼ አስፈሪ ነው። እንመለስና እናስብበት።»

«የኔ ልጅ፣ ወረቀት ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ዓረብ አገር ስሄድ ብትሞቺ ሬሳሽ በራስሽ ነው የሚል ፈርሜያለሁ። ሞትኩ?» ብዕሩን አልተቀበለችም፤ አውራ ጣቷን ቀለም ነከረችና አተመች።

ውጪ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሌላ ምን ማድረግ እንደምችል አላውቅም ነበር።

ስትወጣ ዐይኖቿ አብጠው ዙሪያው ወይን ጠጅ መስሏል። ይህ ይጠፋል አሉ፤ እውነትም ጠፋ። መካነ ሰላም ተመልሰን፣ የቀዶ ሕክምናውን ክር ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር አወጣችላት። ለጥቂት ቀን እብጠቱ ቆዳውን ስለወጠረው ጥቁረቱ የቀነሰ መስሎ ነበር። ጦይባ በእነዚያ ቀናት ሁለት ጊዜ ገበያ ወጣች። እናቴ ስታያት «እሰይ» አለቻት። ከእኔም ላይ ሸክም ወረደልኝ።

እብጠቱ ሲሸሽ ጥቁረቱ እንደነበረ አለ። ልዩነቱ፣ ቆዳው ያለ ልኩ ተቆርጦ ስለነበር ቆቡ ወደ ታች መሳብ ጀመረ። በየቀኑ ጥቂት በጥቂት፣ ከዐይኗ ሥር የማይታይ የነበረው ነጭ ብቅ አለ፤ ከዚያ የቆቡ ቀይ ውስጥ ታየ። እንባዋ ያለ ማቋረጥ ይወርዳል። ስትተኛ ዐይኗ አይከደንም። ወደ ሐኪሙ ስትደውል፣ «በጣትሽ ወደ ላይ እሺው፣ በዚህ ሳምንት መጥተሽ ልይሽ» አላት።

በዚያ ሳምንት መንገዱ ተዘጋ። በእኛ በኩል መንገድ ሲዘጋ እስከ መቼ እንደሆነ የሚነግር ሰው የለም። መናኸሪያው ባዶ ሆነ። ፎቶ ልልክለት ሞከርኩ፤ ኢንተርኔት አልነበረም። ቀጥሎ ስልኩም ጠፋ። ጦይባ በየጠዋቱ ነጠላዋን አጣፍታ መናኸሪያው ድረስ ትሄድና ትመለስ ነበር። «ዛሬም?» እላታለሁ። «ዛሬም» ትለኛለች።

ሲስተር የምትችለውን አደረገች። «ብሌኑ ከደረቀ ይቆስላል፤ ከቆሰለ ማየት ይጎድላል። ስለዚህ ማታ ማታ መድረቅ የለበትም» ብላ አሳየችን። ቅባቱን ውስጥ ማድረግ፣ የታችኛውን ቆብ ወደ ላይ ስቦ በፕላስተር ማጣበቅ፣ የላይኛውን አውርዶ ከላይ መለጠፍ። አንዱን ዐይን ጦይባ ራሷ በመስታወት ታደርገዋለች። ሁለተኛውን ግን የሚያይ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው እኔ ሆንኩ። በየቀኑ ከመግሪብ ሶላት በኋላ በአጥራችን ክፍተት ገብቼ ሁለተኛውን ዐይኗን እዘጋ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ደሴ ሄዳ ሌላ ሐኪም አያት። ቁስሉ ጠግጎ እስኪጠና ወራት መጠበቅ አለበት፤ ከዚያ ከሌላ የሰውነቷ ክፍል ቆዳ ወስደው ይሞክሩታል። እስከዚያ ብሌኑን ጠብቂ አላት። ይኸው ነው። መርፌ ክር ማስገባት አቅቷት ስለነበር ቀን ቀን እሱንም እኔ አስገባላት ጀመር፤ አርባ ሃምሳ መርፌ ላይ ክር አስገብቼ ትራስ ላይ ሰክቼላት እሄዳለሁ። አንድ ጂልባብ ሰፍታ እጅጌውን ገልብጣ ገጠመችው። የልብሱ ባለቤት ምንም ሳትል ተቀብላ ሄደች፤ ያ ዝምታ ከስድብ ይልቅ ከበዳት።

በእነዚያ ምሽቶች አንድ ቀን፣ ፕላስተሩን እየቆረጥኩ፣ ነገርኳት። ያን ጠዋት በሩ ላይ ስስበው አልነጣም ነበር አልኳት። ማልቀስ ጀምሬ ነበር፤ እሷም እንባዋ ይወርዳል፤ የእሷ ግን ለቅሶ አልነበረም።

«መስታወቱ በማን እጅ ነበር?» አለችኝ።

«በአንቺ።»

«እና? ዐይን አልነበረኝም? ያኔ ነበረኝ እኮ። አንቺ ልጅ ነሽ። ልጅ የተጠየቀውን ይመልሳል። እኔ ነኝ እናቴን የካድኳት፣ ያውም ሐኪም ፊት። በይ ቅባቱን አምጪ።»

ይቅር ብላኝ ነው ወይስ አልፋው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወጣ። እናቴ ደስ ብሏት ሠፈሩን ጠራች። ጦይባ እንኳን ደስ አለሽ ብላ ቀሚስ ሰፋችልኝ፤ ስፌቱ በአንድ ወገን ወጣ ገባ ይላል፤ እዚህ ይዤው መጥቻለሁ። ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ እንደ ሁልጊዜው ገባሁ። የመጀመሪያውን ዐይን ራሷ ዘግታ በርጩማው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር።

«ከነገ ጀምሮ ማን ያደርግልሻል?»

«ራሴ።»

«ሁለተኛውን እኮ አታዪም።»

«ሰው ጨለማ ውስጥ ሲበላ አፉን ይስታል? እለምደዋለሁ። አብሽሪ።»

«እናቴ ትምጣ?»

«እናትሽ እጇ ከባድ ነው። ሰው ስትነካ ልብስ የምታጥብ ነው የሚመስላት።» በአፍንጫዋ ትንሽ ሳቀች፤ ፕላስተሩ ስለሳባት ወዲያው ተወችው።

ቅባቱን አደረግሁ። የታችኛውን ቆብ ስቤ ለጠፍሁ፤ የላይኛውን አውርጄ ደግሞ ለጠፍሁ። አሁን ሁለቱም ዐይኖቿ ተሸፍነዋል፤ ፊቷን ወደ እኔ አቅንታ ትጠብቃለች።

«ገጠመ?» አለች።

የስልኬን መብራት አብርቼ ጎንበስ አልኩ። በሁለቱ ቆቦች መካከል ቀጭን ነጭ መስመር ትታያለች። አፌ ላይ «አዎ» ነበር።

«አልገጠመም።»

«እንግዲያ ድገሚው።»

ፈትቼ ደገምኩ።

«አሁንስ?»

«አሁንም።»

«ምን ያህል ቀረው? ልኩን ንገሪኝ።»

«የስፒል ውፍረት።»

«ስፒልማ ብዙ ነው» አለች፤ አገጯን ትንሽ ቀና አደረገችልኝ። «ድገሚው፣ ውዴ። ፕላስተር አለ።»

አውራ ጣቴን ጉንጯ አጥንት ላይ አድርጌ ቆዳዋን ወደ ላይ ገፋሁት። የሚገፋ ቆዳ አልነበረም።